አሳልፋት

ሻርጃ በኖርኩባቸው ዓመታት አርብ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የክሪኬት ጩኸት ነበር። ከሕንፃችን ጀርባ ባዶ የአሸዋ ሜዳ አለ። ፀሐይዋ ሳትከር ሕንዶቹ፣ ፓኪስታኖቹና ባንግላዴሾቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። የቴኒስ ኳስ በኤሌክትሪክ ቴፕ ይጠቀልላሉ። ዊኬቱ፣ ማለት ኳሱ የሚነጣጠርበት ዒላማ፣ አንዳንዴ የለስላሳ ሳጥን ነው፤ አንዳንዴ መቀመጫው የተገነጠለ የቢሮ ወንበር። እኔ በመስኮት እያየሁ «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» እል ነበር። በሳምንት ያለችን አንድ የእረፍት ቀን፣ እሷንም ፀሐይ ላይ!

አንድ አርብ ሰው ጎደላቸውና ጠሩኝ። ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ መሮጥ ይችላል ብለው ነው። አልተሳሳቱም፤ ኳስ ሳሯሩጥ አረፈድኩ። ጉዱ የመጣው ባት (መምቻው ነው) ሲሰጡኝ ነው። የገና ጨዋታ ያየ ሰው ይሄ ምን ያቅተዋል ብዬ የመጣችውን ሁሉ በሙሉ ኃይሌ መሰንዘር ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ሳትኳት። ሁለተኛዋ ከእኔ ርቃ ልታልፍ ስትል ተንጠራርቼ ጫፏን ነካኋት። ከኋላዬ የቆመው ልጅ ቀለባት። አለቀ፣ ወጣሁ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

አንክል ብቻ አልሳቁም። አንክል የምንላቸው አብረን የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ የምንሠራ የባንጋሎር ሰው ናቸው። ሃምሳን ተሻግረዋል። ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ ጊዜ የኖሩ ይመስለኝ ነበር። አይጫወቱም፤ ጃንጥላ ይዘው ዳኛ ይሆናሉ። ጠጋ ብለው፣ እንግሊዝኛም ሕንድኛም ዓረብኛም ባልሆነችው የመጋዘን ቋንቋችን፣

«ያቺን ለምን ነካሃት?» አሉኝ። «ምን አደረገችህ?»

መልስ አልነበረኝም።

ክሪኬትን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እኔም ሁሉም አልገባኝም። ለዛሬው ይህ ይበቃል። ከመቺው ኋላ ሦስት እንጨት ተተክሏል። ወርዋሪው ወደ 20 ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቆዳ የለበሰች ድንጋይ የመሰለች ኳስ መሬት አንጥሮ ይልክበታል። ፈጣኖቹ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ያስኬዷታል። ለመወሰን ያለህ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። እንጨቱን ከመታችብህ ወጣህ። ነክተሃት መሬት ሳታርፍ ከተቀለበችም ወጣህ። ከወጣህ የዚያ ዙር ጨዋታህ አከተመ፤ ቁጭ ብለህ ጓደኞችህን ታያለህ። ቴስት የሚባለው ዓይነት፣ ሁለቱም ቡድን ሁለት ሁለት ዙር የሚመታበት፣ እስከ 5 ቀን ይፈጃል። አዎ፣ 5 ቀን። በመሃል ለምሳና ለሻይ ይወጣሉ።

እና ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ መምታት ግዴታ አይደለም። ኳሷ እንጨቱን የማትነካ ከሆነ ባትህን ከፍ አድርገህ ማሳለፍ ትችላለህ። ማንም አይቀጣህም። የቴስት ሊቃውንት ከሌላው የሚለዩት ግማሹ እዚህ ላይ ነው። አንክል ይህን ሊያሳዩኝ ሲፈልጉ የሚጠሩት አንድ ስም ነበር፤ የሕንዱ መቺ ራሁል ድራቪድ።

ከድራቪድ ጋር በቴሌቪዥን የተዋወቅነው በ2011 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ክረምት የሕንድ ቡድን የዓለም ቁጥር አንድ ሆኖ እንግሊዝ ሄደ፤ አራት ጨዋታ ተጫውቶ አራቱንም ተሸነፈ። አራት ለባዶ! ክሪኬት ለመልመድ ከዚህ የባሰ ጊዜ አይገኝም። መኝታ ቤታችን ውስጥ ሐዘን ቤት የተቀመጥን ነበር የሚመስለው። ግን ሌሎቹ ሲረግፉ አንድ የ38 ዓመት ሰው በየጨዋታው ይቆማል። ሎርድስ በሚባለው ሜዳ 103 ራን (ነጥቡን ራን ነው የሚሉት)፣ ትሬንት ብሪጅ ላይ 117፣ ኦቫል ላይ 146። ኦቫል ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ መታ፤ አሥሩ አልቀው እሱ ሳይወጣ ቀረ። ሕንድ የተጠየቀውን ያህል ስላላስቆጠረች ወዲያው ደግማ እንድትመታ ተደረገ። በመሃል ያለው እረፍት 10 ደቂቃ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት የቆመው ሰውዬ ተመልሶ ሁለተኛውን ዙር ለመክፈት ወጣ። አንክል ቴሌቪዥኑን ዝም ብለው ያያሉ። «ሌላ ሰው የላቸውም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። «የላቸውም» አሉኝ።

የሎርድሱ መቶ ደግሞ የኋላ ታሪክ አለው። ድራቪድ ለአገሩ የመጀመሪያውን ቴስት የተጫወተው እዚያው ሎርድስ ላይ፣ በጁን 1996 ነበር። 95 ላይ ወጣ። በዚያው ጨዋታ አብሮት የጀመረው ሱራቭ ጋንጉሊ 131 መታ። ሎርድስ ላይ መቶ የመታ ሰው ስሙ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የጋንጉሊ ተጻፈ። ድራቪድ አምስት ራን አጥሮት 15 ዓመት ጠበቀ።

አሁን ወደ አጨዋወቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ከሦስቱ እንጨቶች ከመቺው ሰውነት የምትርቀው ኦፍ ስታምፕ ትባላለች። ከኋላህ ስለሆነች አታያትም። ግን የት እንዳለች ማወቅ አለብህ፤ መብራት ሲጠፋ የጠረጴዛህን ጠርዝ ሳታይ እንደምታውቀው። ጎበዝ ወርዋሪ ኳሱን የሚያሳርፈው ከሷ ትንሽ ወጣ አድርጎ ነው። «ንካኝ ንካኝ» የምትል ኳስ ናት። ከነካሃት ጫፍ ይዛ ኋላ ለተሰለፉት ቀላቢዎች ትደርሳለች። ድራቪድ ያቺን ኳስ አይነካትም። የኋላ እግሩን ወደ እንጨቶቹ ፊት ይስባል። ጭንቅላቱ አይወዛወዝም። እጆቹ ወደ ላይ ይነሳሉ። ባቱ እንደ በር ይከፈታል። ኳሷ ጎኑን ታካ ታልፋለች። ዓይኑ ግን እስከ ኋለኛው ሰው ጓንት ድረስ ይሸኛታል። አንድ ሰዓት እንዲህ ሊቀጥል ይችላል። አንክል በእያንዳንዷ «ቾድ ዶ» ይላሉ። ተወው፣ አሳልፈው እንደማለት ነው።

መጀመሪያ ፍርሃት መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ተንኮሉ የገባኝ። ወርዋሪው አሥር ጊዜ ወርውሮ ምንም ሲያጣ ይሰለቻል። መስመሩን ይቀይራል። ኳሱን ወደ መቺው እግር ያስጠጋል። ድራቪድ የሚጠብቀው ይህን ነበር። ወደ እግሩ የመጣችውን የእጁን አንጓ ጠምዘዝ አድርጎ በጎን ይሰዳታል። የሮጠም ያለ አይመስልም፤ ኳሷ የሜዳው ጠርዝ ትደርሳለች፣ አራት ራን። ማለት ማሳለፉ ራሱ የማጥቃት መንገድ ነው። ሰውዬውን ከደጁ ጠርቶ ወደ ሳሎኑ ያስገባዋል።

ሌላው ነገር እጁ ነው። መከላከል ግድ ሲሆንበት የታችኛውን እጁን ያላላዋል። ጠንክሮ ቢይዝ ኳሷ ነጥራ ትሄዳለች። ሲላላ ግን ያ ሁሉ ፍጥነት ባቱ ላይ ይሞትና እግሩ ሥር ዱብ ትላለች። እኔ መጋዘኑ ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ሞክሬዋለሁ። ጣቴን ነው ያበጠኝ።

ስለዚህ «ግንቡ» የሚለው ቅጽል ስሙ አይዋጥልኝም። ዓለም ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ግንብ ግን የመጣበትን ሁሉ ይገጫል፤ አይመርጥም። ይህ ሰው ሥራው መምረጥ ነው። የመንደር ጓደኞቹ የሚጠሩበት ስም ይሻላል፦ «ጃሚ»። አባቱ ባንጋሎር የጃም ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበሩ ነው። ማርማላታ በዳቦ እየበላ ያደገ ልጅ፣ ግንብ ከምትለው ጃሚ ብትለው ወደ እውነቱ ትቀርባለህ።

ዕድሜ ለኢንተርኔት፣ ያን ክረምት ወደ ኋላ ሄጄ አሮጌ ጨዋታዎቹን አየሁ። ኮልካታ፣ ማርች 2001ን ያላየ ሰው ይህን ጽሑፍ አቁሞ ይሂድና ይይ። አውስትራሊያ 16 ቴስት በተከታታይ አሸንፋ የመጣችበት ጊዜ ነው። ሕንድ በመጀመሪያው ዙር 171 ብቻ አስቆጥራ ወደቀች፤ ደግማ እንድትመታ ተገደደች። ያን ጊዜ ድራቪድ ጥሩ ላይ አልነበረም። ሦስተኛ ሆኖ ይገባ የነበረው ሰው ወደ ስድስተኛ ወረደ። ቦታውን ቪ ቪ ኤስ ላክሽማን ያዘ። ሁለቱ ሜዳ ላይ ተገናኙና አራተኛውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መቱ። አንድም ሰው አልወጣም። ላክሽማን 281፣ ድራቪድ 180፣ በጋራ 376። ኤደን ጋርደንስ የሚባለው የኮልካታው ሜዳ በሕዝብ ጢም ብሎ፣ ጭሱና ጩኸቱ፣ ሙቀቱ። ሕንድ በ171 ራን አሸነፈች። ደግሞ እንዲመታ የተገደደ ቡድን ሲያሸንፍ በቴስት ታሪክ ሦስተኛው ነበር።

እኔ ግን ከዚያ ቀን የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። ድራቪድ መቶ ሲሞላ ባቱን ወደ ጋዜጠኞቹ መቀመጫ ቀሰረ። ፊቱ ተቆጥቷል። ለሳምንታት ስለሱ የጻፉትን አንብቦ ሆዱ ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል። ሁሉን ማሳለፍ የሚችለው ሰው ያቺን ማሳለፍ አልቻለም። አንክል ይህን ቪዲዮ ሳሳያቸው ደስ አላላቸውም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ይበልጥ ወደድኩት።

አዴሌይድ ደግሞ የራሱ ጨዋታ ነው። ዲሴምበር 2003። አውስትራሊያ 556 አስቆጥራ ሕንድ 85 ላይ አራት ሰው ጠፋባት። እንደገና ድራቪድና ላክሽማን። ድራቪድ 233 መታ፣ ላክሽማን 148። በሁለተኛው ዙር ሁሉም ሲንቀጠቀጥ ድራቪድ 72 ይዞ ሳይወጣ ጨረሰ፤ የመጨረሻዋን አራትም ራሱ መታ። ሕንድ አውስትራሊያ ምድር ላይ ካሸነፈች ከ20 ዓመት በላይ አልፏት ነበር። የተሸናፊው አምበል ስቲቭ ዋው ኳሷን ከሜዳው ጠርዝ አንስቶ አምጥቶ ሰጠው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይ ሆዴ ይባባል፤ ምን ላድርግ።

መልአክ እንዳላስመስለው ደግሞ የመጋዘናችን ሰዎች ነበሩ። የሙምባዩ ልጅ ሙልታንን በጭራሽ ይቅር አላለውም። በ2004 ፓኪስታን ውስጥ ድራቪድ ተጠባባቂ አምበል ሆኖ፣ የሙምባዩ ሳቺን ቴንዱልካር 194 ላይ እያለ፣ «በቃን፣ ግቡ» ብሎ መምታቱን አስቆመ። ሁለት መቶ ለመሙላት 6 ራን ብቻ ቀርቶት! ሕንድ ጨዋታውን በሰፊው አሸነፈች። የሙምባዩ ልጅ ግን «ስድስት!» እያለ ጣቱን ይቆጥርብን ነበር። አንክል «ቡድን ይቀድማል» ይላሉ። ይሄ ጭቅጭቅ ስንት ሻይ እንዳስቀዘቀዘ። ፓኪስታናዊው ፎርማን ደግሞ ከረሜላውን ያነሳል። በዚያው 2004 መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ ድራቪድ የጉሮሮ ከረሜላ ኳሱ ላይ አሽቶ (ኳሱን እንዲህ መነካካት ክልክል ነው) ከጨዋታው ክፍያ ግማሹን ተቀጥቷል። አንክል ለዚህ መልስ የላቸውም። ሳጥን መቁጠር ይጀምራሉ።

አንድ ቅዳሜ ግን እሳቸውም ተናደዱ። ኦገስት 2011፣ ረመዳን ነበር። በረመዳን ሥራ ቶሎ ስለሚያልቅ ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ተሰብስበናል። ኤጅባስተን ላይ እንግሊዝ 710 አስቆጥራለች፤ የሕንድ ነገር አልቆለታል። ድራቪድ 18 ላይ ነው። የእንግሊዙ ጄምስ አንደርሰን ወረወረ። ድራቪድ ወደ ፊት ሊመታት ወጣ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ኋለኛው ሰው ቀለባት፤ ዳኛው ጣቱን አነሳ። በቴክኖሎጂ ይታይልኝ ማለት ይቻላል። ድራቪድ ግን አልጠየቀም። ድምፁን ራሱ ስለሰማ ነካኋት ብሎ አመነና ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ በዝግታ ደገመው። ኳሷን አልነካትም! ባቱ የነካው የጫማውን ማሰሪያ ነው። የማሰሪያው ጫፍ ላይ ያለችዋ ፕላስቲክ ናት ጠቅ ያለችው።

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አንክል ግንባራቸውን ያዙ። «ጫማህን እሰር!» አሉ፣ በካናዳኛ (የካናዳ አገር ሳይሆን የባንጋሎር ቋንቋ ነው) መሰለኝ ብዙ ሌላም ጨመሩ። ለማንም አልተረጎሙትም።

አራቱ ቴስቶች ካለቁ በኋላ አንድ አስቂኝ ነገር አደረገ። ሃያ ሃያ የሚባለው አጭሩ ጨዋታ አለ፤ ሁሉም ሰው ኳሱን በአየር ከሜዳ አስወጥቶ ስድስት ስድስት ራን ለመምታት ብቻ የሚገባበት። ድራቪድ ለአገሩ ተጫውቶት አያውቅም። በ38 ዓመቱ ማንቸስተር ላይ የመጀመሪያውን አስጫወቱት። የመጨረሻውም እሱ ነበር፤ ከዚህ ጉብኝት በኋላ አጫጭሮቹን እተዋለሁ ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል። ገባና 31 መታ። በመሃል ሦስት ኳስ በተከታታይ ከሜዳ ውጪ ላካቸው። አሳላፊው ሰውዬ! እንደሚችል እያወቀ ነበር 15 ዓመት የተወው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አውስትራሊያ ሄዶ አልሆነለትም። ኳስ በባቱና በእግሩ መካከል እየሾለከች ደጋግማ እንጨቱን ነቀለችበት። በማርች 2012 ባንጋሎር ላይ በቃኝ አለ። የስንብት ጨዋታ፣ ሰልፍ፣ ርችት የለም። 164 ቴስት፣ 13,288 ራን፣ 36 ጊዜ መቶ። አንክል ግን እነዚህን አይጠሩም። እሳቸው እንደ ስልክ ቁጥር በቃላቸው የያዙት 31,258ን ነው። በቴስት ሕይወቱ የተወረወሩበት ኳሶች ብዛት ነው፤ ከዚህ በላይ የተቀበለ መቺ የለም። ሊያወጡት ፈልገው 31,258 ጊዜ ሞከሩ ብለህ አስበው።

በዚያ ሰሞን እኔም የራሴን ኳስ ነካሁ። ቆጠራ ላይ ዕቃ ጎደለ። አለቃዬ በሰው ፊት የኔ ጥፋት እንደሆነ የሚመስል ነገር ተናገረ። ስሜን አልጠራም። ዝም ብል ያልፍ ነበር። እኔ ግን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ረጅም መልእክት ጻፍኩ፤ ላክሁ። ጥሩ ስድብ ነበረበት፣ አልዋሽም። በማግስቱ ዕቃው ሌላ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። መልእክቱ ግን አልጠፋም። ኮንትራቴ ሲያልቅ አላደሱልኝም። አንክል ስልኬን ተቀብለው ያን መልእክት እስከ መጨረሻው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺ ኳስ» አሉኝ፣ «እንጨቱን አትነካም ነበር።»

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ዓመታት አልፈዋል። አንክልም ጡረታ ወጥተው ባንጋሎር ገብተዋል። በበዓል እንጻጻፋለን፤ እሳቸው ለገና፣ እኔ ለዲዋሊ። ድራቪድ የሕንድ አሠልጣኝ ሲሆን ደግሞ በየጨዋታው መጻጻፍ ጀመርን። ኖቬምበር 2023 በዓለም ዋንጫ አሥር ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው ለፍጻሜ ቀርበው አሕመዳባድ ላይ በአውስትራሊያ ተሸነፉ። አንክል ሁለት ቀን ስልክ አላነሱም።

ጁን 29 ቀን 2024። የሃያ ሃያው ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ባርቤዶስ። ይህን ካሪቢያን ድራቪድ ያውቀዋል፤ በ2007 አምበል ሆኖ ዓለም ዋንጫ ሄዶ በባንግላዴሽና በስሪላንካ ተሸንፎ ገና በመጀመሪያው ዙር የወጣው እዚያው ነበር። ተጫዋች ሆኖ ዓለም ዋንጫ አላነሳም። እኔ ሳሎን ውስጥ በስልኬ እያየሁ ነው፤ ባለቤቴ «ይሄ ነገር አሁንም አለ?» ትለኛለች። ደቡብ አፍሪካ 30 ኳስ ቀርቷት 30 ራን ብቻ ያስፈልጋት ነበር። ያለቀ ነገር ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ረገፉና ሕንድ በ7 ራን አሸነፈች።

ቪራት ኮሊ ዋንጫውን አምጥቶ ለድራቪድ ሰጠው። ሰውዬው ተቀበለ። ከዚያ ጮኸ። ዓይኑ ተጨፍኖ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ፣ ዋንጫውን እንደ ሕፃን እየናጠ። በሕይወቴ ያን ፊት አይቼው አላውቅም። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ደንግጠው ይስቃሉ።

ለአንክል ጻፍኩላቸው፦ «ጫማውን አስሯል?»

መልሳቸው በድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሳቃቸው። ሳል ያቋርጠዋል፣ እንደገና ይቀጥላል። ከኋላቸው የሰፈሩ ርችት ይንጣጣል። አንዲት ሴት በካናዳኛ መስኮቱን ዝጋ መሰለኝ ትላቸዋለች። አልዘጉትም።